የጤፍ አበባ የሚከፈትበት ሰዓት

ጤፍ የሚያዳቅል ሰው ከወፍ ጋር ነው የሚነሳው። የጤፍ አበባ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ መከፈት ይጀምራል፤ አንድ ተኩል ሲሆን ሥራውን ጨርሷል። ያቺ ሰዓት ካመለጠችኝ የዕለቱ ልፋቴ ከንቱ ነው። በመስክ ቴክኒሻንነት ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እስከ ዛሬ አበባ በሚያወጣበት ወቅት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃለሁ።

ሥራው ግን የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። እናት እንድትሆን የተመረጠችውን ጤፍ፣ ከበቀለችበት ባልዲ ጋር፣ አመሻሽ ላይ ወደ ማይክሮስኮፑ አቀርባታለሁ። በማግስቱ ሊከፈት የደረሰውን አበባ ለይቼ ሽፋኑን በሹል ወረንጦ እገልጥና ሦስቱን የወንዴ ራሶች አንድ በአንድ እለቅማለሁ። አበባው ቢበዛ የሰሊጥ ፍሬ ቢያክል ነው። እጅ ከተንቀጠቀጠ የሴቴዋ አካል ይቆረጣል፤ አንድ የወንዴ ራስ ከተረሳ ደግሞ አበባዋ ከራሷ ትጸንሳለች። ሲነጋ ከአባትየው ላይ የተከፈተ አበባ አመጣና ዱቄቱን ላባ በሚመስሉት ሁለት የሴቴ ጫፎች ላይ አራግፋለሁ። ከዚያ ክር አስሬ፣ ቀኑን ጽፌ እጠብቃለሁ። የተገኘችው ፍሬ ተዘርታ ስትበቅል እናቷን ብቻ ከመሰለች ማዳቀሉ አልያዘም ማለት ነው፤ እንደገና ከዋዜማው።

ድሮ ጤፍ በሰው እጅ ሊዳቀል አይችልም ይባል ነበር። አበባው እንደተዘጋ ራሱን በራሱ የሚያጸንስ ይመስላቸው ነበርና። ሰዓቱ ማለዳ፣ አበባው ኢምንት፤ ማን ልብ ይበለው? እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ በእጅ ማዳቀልም ተቻለ። ከዚያ በፊት የተመራማሪው ሥራ በዋናነት ከገበሬው ማሳ ከተሰበሰበው ዘር የተሻለውን መምረጥ ነበር። የአንዱን ጥሩ ጠባይ ከሌላው ጋር ማጋባት አይቻልም ነበር። የዚያች ማለዳ ውለታ በዛሬው እንጀራችን ላይ አለ፤ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

ቁንጮን ውሰዱ። በቢሾፍቱ ከሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀ ዝርያ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ዱከም የሚባለው፣ በመዝገብ ስሙ ዲዜድ-01-974፣ ምርቱ ጥሩ ነው፤ ንጣቱ ግን ለገበያ አይበቃም። ሌላው ዲዜድ-01-196፣ ማኛ፣ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን ያንሳል። ገበሬው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ኩንታሉን፣ ወይ ዋጋውን። ሁለቱ ተዳቀሉ።

ከመዳቀል በኋላ ያለው ነው ትዕግሥት የሚፈትነው። የልጅ ልጆቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ደብዛዛ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ተክል አንዲት ፍሬ እየተወሰደች ትዘራለች፤ ከዚያችም አንዲት፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ሰባትና ስምንት ትውልድ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ዘር ጠባዩ ይረጋና ልጁም አባቱን ይመስላል። በበጋ በመስኖ ካልተዘራ በቀር ይሄ በዓመት አንድ ትውልድ ነው። ቁንጮ በመቶ ከሚቆጠሩ እህትና ወንድሞቹ መካከል ቁጥር 355 ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በልጅ አናት ላይ በምትቀረው ጸጉር ስም ቁንጮ የተባለው።

ቁጥሩ ስም የሚያገኘው ግን በማሳ ላይ ተወዳድሮ ነው። የመጀመሪያው መደብ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ጥቁር አፈር ላይ የማሳው አንዱ ጫፍ ውኃ ያቁራል፣ ሌላው ይንጠፈጠፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በዕጣ በሦስት በአራት ቦታ ይዘራል፤ ገበሬው የለመደው ዝርያም ለማነጻጸሪያ አብሮ ይገባል። የተሻሉት በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ ሌሎች ቦታዎች ይሄዳሉ። ዝናብ ቶሎ በሚያቋርጥበት አለም ጤና የወደቀው ቢቸና ላይ ሊያሸንፍ ይችላል።

ከአራት ካሬ ሜትር ወደ ሄክታር ለመለወጥ በ2,500 ይባዛል። ይህን ስሌት አንድ ዓመት በራሴ ጥፋት አውቄዋለሁ። ከአውድማ የተመለሰ የጨርቅ ከረጢት ጥጉ ላይ ተቀዶ ኖሮ አንድ ሲኒ የሚያህል ጤፍ መንገድ ላይ ፈሰሰ። 60 ግራም ቢሆን ነው። በሄክታር ሲሰላ ግን 150 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል ተኩል! የጤፍ ፍሬ መሬት ላይ ከፈሰሰ አይለቀምም፤ በአንድ ግራም ውስጥ ወደ ሦስት ሺህ ፍሬ አለ። ለኃላፊዬ ተናገርኩ፤ የመደቡ ቁጥር ከመዝገቡ ወጣ። ያንን ብደብቅ ኖሮ አንድ ጥሩ ዝርያ በእኔ ዝምታ ምክንያት ሊወድቅ ይችል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከረጢት በሙሉ ጸሐይ ላይ ገልብጬ ሳላይ አልሰጥም።

ጤፍን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው መጋሸብ ነው። ማዳበሪያ ሲጨመርለት ይመነደጋል፣ ዘለላው ይከብዳል፣ ቀጭኑ አገዳ ግን አይሸከመውም። የመስከረም ዶፍ ከንፋስ ጋር ከመጣ ማሳው ምንጣፍ ይሆናል። የስንዴ ተመራማሪዎች ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጭር አገዳ ባላቸው ዝርያዎች በእጅጉ አቃለውታል። በጤፍ ላይ ገና ነው። ማዕከሉ ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ተስፋ የተባለው አጠር ያለ ዝርያ ለችግሩ የተሰጠ አንድ መልስ ነው፤ ስሙ እንደሚለው ተስፋው አለ፣ ሥራው አላለቀም።

ምንጃር ላይ ገበሬዎች ዝርያ እንዲመርጡ የተጠሩበትን ቀን አልረሳውም። እያንዳንዳቸው የበቆሎ ፍሬ ይዘው ከወደዱት መደብ ፊት እንዲያስቀምጡ ነበር። አንዲት እናት በዝምታ እየዞሩ ዘለላ ይቀነጥሳሉ፣ በመዳፋቸው ያሻሉ፣ እፍ ይሉና ፍሬውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ያያሉ። ከዚያ ጭዱን አኘኩት። በእኔ ወረቀት ላይ አንደኛ የነበረውን መደብ አልፈው ሦስተኛው ፊት በቆሏቸውን አስቀመጡ።

«እማማ፣ ያኛው እኮ ብዙ ይሰጣል» አልኳቸው።

«ይሰጣል ልጄ። ግን ገና አረንጓዴ ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ቢቀርብኝ ለማን ይሰጣል? ይሄኛው ደርሷል። ጭዱም ለስላሳ ነው፣ በሬዬ ይበላዋል።»

እውነታቸውን ነበር። በእኔ ቅጽ ላይ የበሬ ዓምድ አልነበረም። ምርት በሄክታር ጥሩ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን ጤፍ የሚዘራ ሰው ከአንድ ማሳ እህል፣ መኖ፣ የግድግዳ ጭቃ ጭድና የትምህርት ቤት ወጪ ይጠብቃል። ዝርያ የሚያወጣ ሁሉ ይህንን ከመጀመሪያው ሊጠይቅ ይገባል ባይ ነኝ፤ መጨረሻ ላይ መጠየቅ ዘግይቷል።

ደግሞም የቁንጮን ወላጆች ተመልከቱ። በዱከምና በማኛ የመዝገብ ስም ውስጥ ያለው «01» ከገበሬ ከተሰበሰበ ነባር ዘር ውስጥ ተመርጠው መውጣታቸውን ይናገራል። ስማቸው ያልተመዘገበ እናቶችና አባቶች በጎታቸው ጠብቀው ባያቆዩአቸው ኖሮ፣ ወረንጦ ይዤ ማለዳ ብነሳም የማዳቅለው አይኖርም ነበር። አዲስ አበባ ያለው የጂን ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሞ ከ5,000 የሚበልጥ የጤፍ ናሙና ይዟል። ያ ሁሉ ግን በየቀበሌው ያለውን አይጨርስም፤ አንድ ተወዳጅ ዝርያ ሲስፋፋ የአካባቢው ዘር ደግሞ ከጎታ ይጠፋል።

ስለዚህ ለበዓል አገር ቤት የምትወርዱ ሁሉ አንድ ነገር አድርጉልኝ። አያታችሁ «የድሮው ጤፍ» የሚሉት ዘር በቅልም በጎታም ካለ ወፍጮ ቤት ሳይሄድ አንድ ብርጭቆ አስቀሩ። የቀበሌውን ስም፣ ዘሩን ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ምን ዓይነት አፈር እንደሚወድ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና በደረቅ ከረጢት አብራችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው የግብርና ምርምር ማዕከል ስጡ።