ውርጭና የናፍጣ ሞተር፦ ከሞተር ሥር እሳት ማንደድ ለምን አይበጅም?

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በደጋማ አካባቢዎች ሌሊቱ ጥርት ብሎ ያድርና ንጋት ላይ ውርጭ ይወርዳል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋበት ሌሊት አለ። ወቅቱ ሰብል የሚሰበሰብበትና የመስኖ ሥራ የሚጀመርበት በመኾኑ ትራክተሩም፣ የጭነት መኪናውም፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩም በማለዳ ይፈለጋሉ። ሞተሩ አልነሣ ሲል ከሥሩ እሳት አንድዶ ማሞቅ ቀላል መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ኾኖም ዘይትና ናፍጣ የነካው ሞተር፣ የነዳጅ ቱቦውና የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ ለእሳት የተጋለጡ ናቸው፤ ለዓመታት የተለፋበት ንብረት በደቂቃዎች ውስጥ ሊወድም ይችላል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በብልጭታ አይነሣም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ሲያግለው ናፍጣው በዚያው ግለት ይቀጣጠላል። ብረቱ ከቀዘቀዘ ግን የታመቀው አየር ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ግድግዳ ይሰጣል። በዚያ ላይ ዘይቱ ይወፍራል፤ የባትሪው ጉልበትም ይቀንሳል። ሞተሪኖው በዝግታ ስለሚያዞር አየሩ በቂ ግለት አያገኝም።

ክረምታቸው እጅግ በሚበረታባቸው እንደ ካናዳና አላስካ ባሉ አካባቢዎች ለዚህ ችግር የሞተር ብሎክ ማሞቂያ ይጠቀማሉ። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲኾን በብዙ መኪኖች በብሎኩ ጎን ባለ ክብ የብረት መድፈኛ ቦታ ይገጠማል፤ የሚግለው ጫፉም የማቀዝቀዣ ውኃው ውስጥ ይገባል። ከመነሣቱ በፊት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል ተሰክቶ ይቆያል። መኪናው ማሞቂያ እንዳለው ለማወቅ ከፊት ፍርግርጉ አካባቢ ሶኬት ያለው ገመድ መኖሩን ማየት፣ ገመዱንም እስከ ብሎኩ መከተል ነው። መግጠም ግን ውኃውን ማፍሰስ፣ መድፈኛውን ማውጣት፣ ማሞቂያውን ሳያፈስ ማሰርና አየሩን እያስወጡ መልሶ መሙላት ስለሚጠይቅ የመካኒክ ሥራ ነው። ውኃ በሌለበት ማሞቂያውን መሰካት ያቃጥለዋል።

ከሰሜን አሜሪካ የመጣ መኪና ያለው ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። የዚያ አገር ማሞቂያ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኢትዮጵያ መስመር ግን 220 ቮልት ነው። በቀጥታ ቢሰካ ከተሠራበት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስለሚስብ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

ለደጋው ውርጭ ግን ብዙውን ጊዜ ከማሞቂያ ይልቅ ጥንቃቄ ይበቃል። የባትሪውን ጫፎች ማጽዳትና ማጥበቅ፣ ለሞተሩ መመሪያ የሚስማማውን ዘይት መጠቀም ቀዳሚ ናቸው። አየር የሚያሞቅ ካንዴላ ያለው ሞተር ቁልፉ ተከፍቶ የዳሽቦርዱ መብራት እስኪጠፋ መጠበቅን ይፈልጋል። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብቻ ማዞር፣ ካልተነሣም ሁለት ደቂቃ ያህል ማሳረፍ ይገባል።

ራዲያተር ውስጥ ያለ ንጹሕ ውኃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። በመኾኑም ውርጭን የሚቋቋም ኩላንት መጠቀም ይመከራል። ኩላንት በሌለበት በውኃ የሚቀዘቅዝ አነስተኛ የመስኖ ሞተር ውኃው ማታ ፈስሶ ጠዋት በለብታ ውኃ ቢሞላ፣ ብሎኩ ከመሰንጠቅ ይድናል፤ ሞተሩም ሞቅ ብሎ በቀላሉ ይነሣል። የፈላ ውኃ በቀዝቃዛ ብረት ላይ ማፍሰስ ግን ብረቱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል አይገባም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ አልነሣ ካለ ችግሩ ከብርዱ ብቻ ላይኾን ይችላል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው እሳት ሳይኾን መካኒክ ነው።