ስድስት ሦስቴ ሲወጣ

በከረጢት ውስጥ 100 ዳይሶች አሉ እንበል። 99ኙ ደህና ናቸው፤ አንዱ ግን ተጭበርብሯል፤ ስድስት የሚወጣበት ዕድል ግማሽ፣ የሌሎቹ አምስት ገጾች እያንዳንዳቸው 1/10 ነው። ሳናይ አንዱን አንስተን ሦስት ጊዜ ብንወረውር ሦስቴም ስድስት ወጣ። የያዝነው የትኛውን ነው?

ብዙ ሰው የተጭበረበረው ነው ብሎ ይወራረዳል። የተጭበረበረው ሦስት ስድስት የሚያወጣበት ዕድል 1/8፣ የደህናው 1/216 ስለሆነ ማስረጃው ወደ ጥርጣሬው 27 እጥፍ ያደላል። ሆኖም ከመወርወራችን በፊት ደህናዎቹ 99 ለ1 ይበልጡ ነበር። 27 ለ99 ሲሰላ የተጭበረበረ የመሆኑ ዕድል 21 በመቶ ብቻ ነው። አራተኛ ስድስት ቢወጣ 45፣ አምስተኛ ቢደገም 71 በመቶ ይደርሳል። እያንዳንዱ ስድስት ሚዛኑን በ3 ያባዛል፤ ሌላ ቁጥር ሲወጣ ግን በ0.6። ለእኔ ቀመር ከመሸምደድ በዚህ ማባዛት መጀመር ይሻላል። ዳይሱ ተጭበርብሮ ከሆነ ስድስት የመውጣቱ ዕድልና ስድስት ከወጣ ዳይሱ የተጭበረበረ የመሆኑ ዕድል ለየቅል መሆናቸው ወዲያው ይታያል።

ደህናውም ዳይስ ያሳስታል። ሁለት ዳይስ ተወርውሮ «ቢያንስ አንዱ ስድስት ነው» ብንባል፣ ሁለቱም ስድስት የመሆናቸው ዕድል 1/11 ነው፤ ከ36ቱ ውጤቶች ስድስት ያለባቸው 11 ናቸውና። «የመጀመሪያው ስድስት ነው» ከተባለ ግን 1/6 ይሆናል።

ታሪኩ ከቁማር ጠረጴዛ አይርቅም (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐኪሙና ቁማርተኛው ካርዳኖ የጻፈው የዳይስ መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1663 ነው። የሒሳብ ሊቃውንቱ ፓስካልና ፌርማ በ1654 ስለ ቁማር ጨዋታ ተጻጻፉ፤ ከውጤት ወደ ምክንያት የሚመልሰው የቶማስ ቤይስ ጽሑፍ በ1763 ወጣ።

ለመሆኑ ፍጹም ደህና የሆነ ዳይስ አለ? እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዌልደን 12 ዳይሶችን 26,306 ጊዜ የመወርወር ውጤት በ1894 ለሳይንቲስቱ ጎልተን ላከ። አምስት ወይም ስድስት 33.33 በመቶ መውጣት ሲገባው 33.77 ሆነ። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ የስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰን በ1900 ባወጣው፣ ውጤት ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ በሚመዝነው የካይ-ስኩዌር ፍተሻ ግን በአጋጣሚ ነው ለማለት እጅግ የሚከብድ ሆኖ ተገኘ። ነጥቦቹ ተቦርቡረው ስለሚሠሩ ብዙ ነጥብ ያለው ገጽ ይቀላል የሚል ግምት አለ።

ከባዱ ጥያቄ ቁማር ቤቱ በጨዋታው መሃል ዳይሱን በስውር ሲለዋውጥ የሚመጣው ነው። የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ውርወራ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር ይመዘናል። መሐንዲሱ አንድሩ ቪተርቢ በ1967 ለመገናኛ ምልክቶች ያወጣው ዘዴ ይበልጥ የሚያስኬደውን የልውውጥ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። የሥነ ሕይወት ተማሪዎችም በዲኤንኤ ፊደላት መካከል ጂን የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ መገመትን የሚለማመዱት በዚሁ አጭበርባሪ ቁማር ቤት ምሳሌ ነው።