ወለሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ተሳቢ

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አካባቢ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ወይም ከጋራዥ አጥር ሥር ያረጀ ትንሽ ተሳቢ ቢያጋጥምዎ ቀለሙን አይመኑት። ቀለም ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል፤ ጎማውም ሳንቃውም እንዲሁ። መጀመሪያ መታየት ያለበት የመሳቢያው ጫፍ ነው። እዚያ ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት ካለ ዕቃው ከጦር ሠራዊት ቤት የወጣ ሳይሆን አይቀርም። ቀለበቱ ከመኪናው ኋላ ባለ መንጠቆ ውስጥ ይገባል፤ መንጠቆው አፉን ዘግቶ ይቆለፋል። ተሳቢው ጉድባ ውስጥ ገብቶ ወደ ጎን ቢያጋድል እንኳ ቀለበቱ በመንጠቆው ውስጥ ይዞራል እንጂ አይላቀቅም።

የማን ሠራዊት? ጎጃሜ መጀመሪያ የሚያስበው ጣሊያንን ነው፤ ምክንያትም አለው። የጣሊያን ጦር በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ ምሽግ ነበረው። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ያሳደደው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ስንቁን ከሱዳን ያመጣው በአመዛኙ በግመል ስለነበር ከዚያ ወገን የቀረ ተሳቢ መፈለግ ብዙም አያዋጣም። ፊያት 634ን የመሰሉ የጣሊያን የጭነት መኪናዎች የሚጎትቱት ከባድ ተሳቢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት አክስል ነው፤ የፊተኛው አክስል ከመሳቢያው ጋር አብሮ ይዞራል። አንድ አክስል ብቻ ያለው፣ ቁመቱ ከወገብ የማያልፍ ትንሽ ተሳቢ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። ከጣሊያን በእርግጠኝነት የቀረልን ቃሉ ነው። ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔት፣ ብሎን፣ ላሜራ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። መካኒካችን ከየትም አገር የመጣውን ተሳቢ የሚፈታው በእነዚህ ስሞች ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚስበኝ የጂፕ ተሳቢ ነው። ገንዳው ሙሉ በሙሉ ከላሜራ የተሠራ ነው፤ የሚከፈት የኋላ በር የለውም። ጭነት በግድግዳው ላይ አንስቶ ማስገባት አድካሚ ስለሆነ ሰው የንድፍ ስህተት ይመስለዋል። ግን ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ገንዳው ውሃ የማያስገባ ጀልባ ነውና። ጂፑ ወንዝ ሲሻገር ተሳቢው ከነጭነቱ ተንሳፍፎ ይከተለዋል። ክረምት ላይ የብርን ወይም የተምጫን ወንዝ ሞልቶ ያየ ሰው የዚህ ሐሳብ ጥቅም አይጠፋውም። ጀልባ ግን ዝናብም ያቁራል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ውሃውን የሚያፈሱ፣ በውታፍ የሚደፈኑ ቀዳዳዎች አሉት። የተመደበለት ጭነት ሩብ ቶን፣ በእኛ ልክ ከሁለት ኩንታል ትንሽ የሚበልጥ ነው።

ይህን ተሳቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብዛት ካመረቱት አንዱ አሜሪካን ባንታም የተባለ የፔንሲልቬንያ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የመጀመሪያውን ጂፕ ሠርቶ ለጦሩ ያስረከበው ይኸው ፋብሪካ ነበር። ትልቁ ትዕዛዝ ግን ለዊሊስና ለፎርድ ተሰጠ። ሁለቱ ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ ሲያመርቱ ለባንታም የደረሰው ከ3 ሺህ ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች የሚሠሩት ጂፕ የሚጎትተውን ተሳቢ ይሠራ ጀመር። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ያችን ትንሽ ገንዳ እንደ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ማየት አልቻልኩም።

ከጦርነቱ በኋላ ኤም 100፣ ቀጥሎም ኤም 416 የተባሉ ተከታዮች መጡ። የቀደሙት ፓራፋንጎ እንደ ቀስት ክብ ነው፤ የኤም 416 ግን ከላይ ጠፍጣፋ፣ ማዕዘን ያለው ነው። መብራቱም ይለያል፤ የጦርነቱ ዘመን በ6 ቮልት፣ የኋለኞቹ በ24 ቮልት ይሠራሉ። የአሜሪካ ወታደራዊ ዕቃ ወደ አገራችን በስፋት የገባው በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ወዲህ በመሆኑ ተከታዮቹንም መጠርጠር ተገቢ ነው።

የሚያሳስተው የሶቪየቱ ነው። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የሶቪየት ተሽከርካሪ አገሩን ሞላው፤ ከዚያ ወገን የመጣው የዋዝ ቸርኬ ደግሞ እንደ ጂፕ 5 ብሎን አለው፣ የብሎኖቹ ክብ ስፋትም እኩል 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ቸርኬ በሌላው ላይ ይገጥማልና ቸርኬ ቆጥሮ መፍረድ አይቻልም። ጥርሱ ግን አይዋሽም፤ የአሜሪካው ብሎን በኢንች፣ የሶቪየቱ በሚሊ ሜትር የተቆረጠ ነው። የአንዱ ዳዶ በሌላው ላይ በትክክል አይገጥምም። የኋለኛው ዘመን የአሜሪካ ተሳቢ የመብራት ሶኬት 12 ቀዳዳ ሲኖረው የሶቪየቱ 7 ነው። ሽቦውም ሶኬቱም ተነቅሎ ከሆነ ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ የተመታ ፊደል መፈለግ ነው፤ የሩሲያ ፊደል ከወጣ ክርክሩ ያልቃል።

ፊደልም ካልተገኘ ተሳቢው ሥር ይተኙና ወለሉን ከታች ይመልከቱ። ውሃ ማፍሰሻው ክፍት ሆኖ ላያገኙት ይችላሉ። ጤፍ የሚጭን ሰው እህሉ በቀዳዳ እየፈሰሰ እንዲያልቅበት አይፈልግምና አስበይዶት ይሆናል። የሚፈልጉት እንግዲህ ቀዳዳውን ሳይሆን በላሜራው ላይ የቀረውን ክብ የብየዳ ጠባሳ ነው።