ባልሽ ስለዚያ ዘመን ለምን አያወራም?

የተወደድሽ እህቴ፣ ባለቤትሽ በ1960ዎቹ ተማሪ ከነበረ ይህ ጽሑፍ ለአንቺ ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ዛሬ ወደ ሰባ የተጠጉ፣ ስለ ወጣትነታቸው ሲጠየቁ ወሬ የሚለውጡ አባቶች አሉ።

ያ ትውልድ ለራሱ አልጮኸም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ የሰው እርሻ ለሚያርሰው ጭሰኛ ነበር። በታኅሣሥ 1962 መሪያቸው ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን በከበቡት ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። በ1967 ደርግ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ብዙዎች ሕልማቸው የተፈጸመ መሰላቸው።

ከዚያ ኢሕአፓና መኢሶን ተባብለው፣ ትናንት አንድ እንጀራ የቆረሱ ጓደኛሞች ተገዳደሉ። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር ሲፋፋም ጎንደር ክፉኛ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ነበረች። እናት ለተገደለ ልጇ እንዳታለቅስ ተከለከለች።

እዚህ ላይ ቆም በዪ። በእኛ አገር ሐዘን በለቅሶ ይወጣል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ያድራል። ባልሽ ግን የጓደኛውን ለቅሶ አልተቀመጠም። አንዲት እህት፣ «የልጅ ልጃችን ከዩኒቨርሲቲ ሲደውል ‹በላህ ወይ?› ሳይል ‹ስብሰባ ገብተሃል?› ይለዋል» አለችኝ። የቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ጉባኤ እንኳ ያስፈራዋል። እርሷ ቁጣ መስሏት ኖራለች፤ እኔ ግን ፍርሃት ይመስለኛል።

ጌታን ሲያገኝ ሁሉ ያበቃ ነበር ትዪ ይሆናል። እኛም በቤተ ክርስቲያን «አሮጌው አልፏል» ብለን ቶሎ እናልፈዋለን። (መዝሙር በዝቶ መስማት ሲያንስ አያለሁ።) ኃጢአት ይቅር ይባላል፤ ያልተለቀሰ ሐዘን ግን ገና መለቀስ አለበት።

በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአክ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ተኛ፣ ደግሞ በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከረጅም መንገድ በኋላ ነው።

ስለዚህ በእንግዳ ፊት አትጠይቂው። «ያ ሁሉ ከንቱ ነበር» አትበዪው፤ ለድሀ ማሰቡ ከንቱ አልነበረም። ምሽት ላይ ቡና አፍዪና የአንዱን ጓደኛውን ስም ብቻ ጠይቂው። ስሙን ከነገረሽ፣ አብራችሁ አልቅሱለት።