ስቡ ጉበት ላይ፣ አደጋው ልብ ላይ

ሐኪም "ጉበትህ ስብ ይዟል" ሲለው ብዙው ወገናችን በቅድሚያ የሚጨነቀው ለጉበቱ ነው። "እኔ አልጠጣ፣ ከየት መጣ?" ብሎም ይገረማል። እርግጥ ነው፣ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰውም በዚህ ሕመም ይያዛል። በዓለም ላይ ከአዋቂዎች 30 በመቶ ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ እነዚህን ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚገድላቸው የጉበት ሳይሆን የልብና የደም ቧንቧ በሽታ ነው።

ታዲያ ይህ ዕዳ በዘር የሚወረስ ነውን? በከፊል አዎን። እ.ኤ.አ. በ2008 በዳላስ፣ ቴክሳስ፣ ሔለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን የሚመሩት የምርምር ቡድን ፒኤንፒኤልኤ3 በተባለው ጂን ላይ ያለ አንድ ለውጥ ጉበትን በስብ እንደሚሞላ አሳወቀ። ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሱ ሰዎች የጉበታቸው ስብ ካልወረሱት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

በ2014 ደግሞ ቲኤም6ኤስኤፍ2 የሚባለው ጂን ጉድ አሳየ። በዚህ ጂን ላይ ለውጥ ያላቸው ሰዎች ጉበት ስቡን ወደ ደም መላክ ያቅተዋል። ስለዚህ ጉበታቸው ይጎዳል፤ ደማቸው ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ግን ይቀንሳል፤ ለልብ ድካም የመጋለጥ ዕድላቸውም ዝቅ ይላል። ባጭሩ፣ ጉበትን የሚያሰባ ጂን ሁሉ የደም ቧንቧን አይዘጋም።

የደም ቧንቧን የሚዘጋው በደም ውስጥ የሚዘዋወረው መጥፎ ኮሌስትሮል ነው። ለዚህ ማስረጃው እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ጥናት ነው። ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ጂን የሚያሰናክል ለውጥ ይዘው የተወለዱ ጥቁር አሜሪካውያን መጥፎ ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ በልብ የደም ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በአንጻሩ ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባለው፣ መጠኑ በአብዛኛው በውርስ የሚወሰነው የደም ስብ፣ የልብን አደጋ ይጨምራል። አፍሪካዊ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች ዘንድም ከፍ ብሎ ይታያል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጉበታችሁ ስብ ይዟል ከተባላችሁ የኮሌስትሮል፣ የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ጠይቁ፤ ሊፖፕሮቲን ኤንም በሕይወት ዘመናችሁ አንድ ጊዜ ተለኩ። "ጉበቴን ይጎዳብኛል" ብሎ ሐኪም ያዘዘውን የኮሌስትሮል ክኒን መጣል ትልቅ ስሕተት ነው። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ጉበታቸው ስብ ለያዘ ሰዎች በአብዛኛው አደጋ የላቸውም፤ ልብን ግን ይታደጋሉ።

በስደት ላለን ደግሞ አንድ ተጨማሪ የቤት ሥራ አለ። አገር ቤት ስንደውል የፖለቲካውን ወሬ የምንጠይቀውን ያህል "አባባ በስንት ዓመታቸው፣ በምን አረፉ?" ብለን እንጠይቅ። ከወንድ ዘመድ ከ55 ዓመት በፊት፣ ከሴት ከ65 ዓመት በፊት በልብ የተያዘ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ካለ ሐኪማችን ማወቅ አለበት። "በድንገት ወደቀ" ተብሎ የተቀበረው ታሪክ የእኛም ታሪክ ሊሆን ይችላልና።

ጂንን መምረጥ አይቻልም፤ ክብደትን መቀነስ፣ መራመድ፣ ሲጋራን መተው ግን በእጃችን ነው።