የፀሐይ ፍንዳታና የራዲዮ ጩኸት

ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1 ሜጋኸርዝ ይሰማል። ፀሐይም በፈነዳች ጊዜ በዚሁ ቁጥር ልትጮኽ ትችላለች። ነገሩ እንዲህ ነው።

በፍንዳታ የተወረወረው ጋዝ በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲከንፍ፣ በፀሐይ ዙሪያ ያለው ስስ ጋዝ ገለል ለማለት ጊዜ ያጣል፤ ከፊቱም ታምቆ የግፊት ሞገድ ይሆናል። የቡሄ ጅራፍ በአየር ላይ የሚጮኸውም በዚሁ ጠባይ ነው። ሞገዱ ያፈጠናቸው ኤሌክትሮኖች የአካባቢውን ጋዝ ያርገበግቡታል፤ ከዚያም የራዲዮ ጩኸት ይወጣል። ቁጥሩን የሚወስነው የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ነው፤ ለ97.1 በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር 117 ሚሊዮን ያህል ያስፈልጋሉ። ወደ ሩብ ቢቀንሱ ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል። ሞገዱ ከፀሐይ ሲርቅ ጋዙ ስለሚሳሳ፣ ጩኸቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የሞገዱም ፍጥነት የሚሰላው ከዚህ መንሸራተት ነው።

ጩኸቱ በ8 ደቂቃ ምድር ይደርሳል፤ ጋዙ ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል፤ ከደረሰም የምድርን ማግኔት ያናውጣል። አዲስ አበባ ለማግኔት ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በዋለው የዓለም የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። ጩኸቱን ለማዳመጥ ግን ከተማው አይመችም፤ የፀሐይን ቁጥር የኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን ይዘውታል። ስለዚህ አንቴናው ከሲኤምሲ ርቆ፣ ኤፍ ኤም በማይደርስበት ሸለቆ ቢተከል ይሻላል።