ቶርኔዶ ሲመጣ ተማሪዎቹ የት ይጠለሉ?

እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2013 ከሰዓት በኋላ፣ ሙር በምትባለው የኦክላሆማ ከተማ ያለፈው ቶርኔዶ ብራያርውድና ፕላዛ ታወርስ የተባሉ ሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አፈራርሷል። በብራያርውድ የሞተ ልጅ አልነበረም። በፕላዛ ታወርስ ግን ግድግዳ ተንዶባቸው ሰባት ተማሪዎች ሞቱ። ልጆቹ መጠለልን ተለማምደዋል፣ መምህራኑም አስጎንብሰው ሸፍነዋቸዋል። ያልነበረው መጠለያ ክፍል ነው፤ በሁለቱም ሕንፃዎች አልነበረም።

በአላባማዋ ኢንተርፕራይዝ ከተማም በ2007 ስምንት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሞቱት ኮሪደር ውስጥ ተጠልለው ሳለ ነው። ኮሪደር የሚመረጠው መስኮት ስለሌለው ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው የመስታወት በር ከተሰበረ ግን ነፋሱ ስብርባሪውን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይነጉድበታል። ጂምና ካፍቴሪያ ደግሞ ጭራሽ አይታሰቡም። ጣሪያቸውን መሀል ላይ የሚሸከም ምሰሶ የለም፤ ነፋሱ ጣሪያውን ሲያነሣው ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች የሚይዛቸው አጥተው ይወድቃሉ። በግቢው የተተከሉ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ውስጥ የሚማሩ ልጆች ሰማዩ ሳይከፋ ወደ ዋናው ሕንፃ መግባት አለባቸው።

የግንባታ ደንቡን ጠብቆ የተሠራ መጠለያ ክፍል በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥ ነፋስ እንዲችል ተደርጎ ይታነጻል። ግድግዳው የሚፈተነው 7 ኪሎ ያህል የሚመዝን ጣውላ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ተተኩሶበት ነው፤ ጣውላው ከበሳው ወደቀ ማለት ነው። ክፍሉ ውድ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ትምህርት ቤቶች በአዘቦት ቀን መማሪያ ክፍል አድርገው ይጠቀሙበታል። ፕላዛ ታወርስና ብራያርውድ እንደገና ሲሠሩ መጠለያ ክፍል ተጨምሮላቸዋል።

ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ዳላስ በኦክቶበር 2019 የደረሰው ቶርኔዶ ቶማስ ጀፈርሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ክፉኛ ጎድቷል። ደግነቱ እሑድ ማታ ነበር። የትምህርት ቀን ቢሆን ኖሮ ወላጅ ሁሉ መኪናውን አስነሥቶ ይሮጥ ነበር፤ የሚያሰጋውም ይህ ነው። ስልክ ላይ «ዎች» ከመጣ አየሩ ለቶርኔዶ ተመችቷል ማለት ስለሆነ ገና ጊዜ አለ። «ዋርኒንግ» ከመጣ ግን ቶርኔዶው በዓይን ወይም በራዳር ታይቷል፤ ለመጠለል ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ያን ጊዜ መኪና ውስጥ ከተገኘ ትምህርት ቤት ካለው ልጅ ይልቅ አደጋው የሚብሰው በወላጁ ላይ ነው። ለነገሩ ትምህርት ቤቱም ማስጠንቀቂያው እስኪነሣ ልጅ ላያስረክብ ይችላል።

ጥያቄው መቅረብ ያለበት ገና የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር ነው፦ የልጄ ክፍል የት ይጠለላል? ቦታውን መሐንዲስ አይቶታል? በመውጫ ሰዓት ማስጠንቀቂያ ቢመጣ አውቶቡሶቹ ይቆማሉ? መልሱ «ኮሪደር» ብቻ ከሆነ ነገሩ ወደ ትምህርት ቦርዱ ስብሰባ መሄድ አለበት። ለእንዲህ ያለ ግንባታ የሚውለው ገንዘብ በቴክሳስም በኦክላሆማም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ከሚያጸድቀው የትምህርት ቤት ቦንድ ነው፤ ዜግነት የወሰደ ወላጅ እዚያ ላይ ድምፅ አለው።